በአል አመራት ዳገት ላይ የተነሳሁት ፎቶ

ሽታ ነው የቀሰቀሰኝ። የኦማኗ ሙስካት ላይ ሙቀቱ በረድ ማለት በጀመረበት ሰሞን ማቢላ ውስጥ አንድ የብስክሌት መጠገኛ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነበር። ያሳደግኳት ሹሩቅ ብስክሌቷን ከመኪናዋ ኋላ አውርዳ ለጠጋኝ ሰጠች፤ ሽማግሌው ባንግላዴሻዊ ጠጋኝ የውስጥ ጎማውን አወጣ፣ ቀዳዳውን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አደረገና ማስቲሽ ቀባው። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ ሙስካትም ማቢላም፣ ከፊቴ የሚርመሰመሰው መኪናም ጠፋብኝ። ባሕር ዳር ነኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጋሽ ደምሴ ከገበያው ጥግ ብስክሌት ያከራያል፤ ግማሽ ሰዓት በስሙኒ፣ ሙሉ ሰዓት በሽልንግ። ሰዓት የሚይዘው በጠመኔ ነው። የወጣንበትን ደቂቃ በቆርቆሮው በር ላይ ይጽፋል፤ አምስት ደቂቃ ያሳለፈች ልጅ በማግስቱ ብትለምነው አይሰጣትም። ጎማ የሚለጥፈውም እዚያው በሩ ላይ ቁጢጥ ብሎ ስለሆነ የማስቲሹ ሽታ ከሰፈራችን ጠፍቶ አያውቅም።

እኔ የጋሽ ደምሴ ደንበኛ የነበርኩት ለአጭር ጊዜ ነው። አባቴ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ የሽመና ማሽን ላይ ይሠራ ነበር፤ ብዙ ዓመት አጠራቅሞ አንድ ጥቁር የቻይና ብስክሌት ገዛ። ጠዋት እሱ በፋብሪካው ሰርቪስ ሲሄድ ብስክሌቱ ለኔ ይቀራል፤ ቀትር ላይ ምሳውን በፎጣ ቋጥሬ፣ ከኋላ መጫኛው ላይ አስሬ አደርስለታለሁ። እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ከላይ ሽንሽን ቀሚስ፤ የቀሚሴ ጫፍ ካቴናው ውስጥ እንዳይገባ በልብስ መቆንጠጫ እይዘዋለሁ። በዘንባባዎቹ ጥላ ሥር ስነዳ ሻይ ቤቶቹ ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከፍተው ይጠብቁኛል፤ ዘፈኑን አንደኛው ሻይ ቤት በር ላይ ጀምሬ አራተኛው ጋ ስደርስ እጨርሰው ነበር። ያ ዘመን ስኳር ለመግዛት ቀበሌ በር ላይ ግማሽ ቀን የምንሰለፍበት ዘመን ነው፤ ሌላ ሌላውን ሌሎች ያውሩት። እኔ የማውቀው፣ ሴት ልጅ ብስክሌት ነዳች ብሎ የሚደነቅ ሰው ባሕር ዳር ውስጥ እንዳልነበረ ነው። ነጋዴዋም ተማሪዋም ነርሷም ትነዳለች። ይህን የምናገረው ለወግ አይደለም። በኋላ የደረሰብኝን ስናገር አንጀቴ ለምን እንደሚያርር እንዲገባችሁ ነው።

ወደ ሙስካት የመጣሁት ሹሩቅ ገና በአራት እግሯ ስትድህ ነው። የዛሬዋ ሹሩቅ ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ቢሮ ትሠራለች፣ መኪና ትነዳለች፣ ዓርብ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ከስድስት ጓደኞቿ ጋር ብስክሌት ትጋልባለች። እኔ ያሳደግኳት ነኝ። ወላጆቿ ያኔ የሚኖሩት አል አመራት ነበር፤ ከተራራው ወዲያ፣ ግማሹ ቤት ገና ብሎኬት ሆኖ፣ ፍየል በየግንቡ ጥላ ሥር ተኝታ። ከኛ ቤት ወጣ ብሎ መስቀለኛው መንገድ ላይ አንዲት የስልክ ሳጥን ነበረች። ዓርብ ከሰዓት በኋላ የኛ አገር ሴቶች የስልክ ካርዳችንን በመሃረብ ጥቅልል አድርገን እንሰለፋለን፤ አንዷ ስታለቅስ ሌሎቻችን ፊታችንን ወደ ተራራው እናዞራለን። ሻወርማ በሁለት መቶ ባይሳ፣ በኦማን ሳንቲም፣ ይሸጥ ነበር። ከደሴ የመጣች አንዲት ልጅ በሁለቱም ገጽ የተቀዳ ካሴት ነበራት፤ በየተራ ለሳምንት እያዋሰችን ክሩ እስኪሳሳ ሰማነው። ቀሚሳችንን ከሲብ ገበያ ነበር የምንገዛው፤ ሁላችንም ያው አበባ፣ ያው ናይለን፣ ከሩቅ ስንታይ የአንድ መጋረጃ ቁራጮች እንመስል ነበር።

አንድ ቀን የሹሩቅ እናት፣ ማማ ሳልማ፣ እርጎ ግዢ ብላ ሱቅ ላከችኝ። ግቢው ውስጥ የሹሩቅ ታላቅ ወንድም ብስክሌት ተደግፎ ቆሟል። ያ ልጅ ያኔ ዐሥራ አምስት ዓመት ይሆነው ነበር፤ ብስክሌቱ በልኬ ነው። አላሰብኩበትም፤ ወጣሁበትና ሄድኩ። ሱቁ ሩቅ አልነበረም፤ እኔ ግን በአስፋልቱ ዞሬ፣ በመስጊዱ ኋላ አድርጌ፣ እርጎውን ገዝቼ ተመለስኩ። ስመለስ ማማ ሳልማ በር ላይ ቆማለች። ጎረቤት ደውሎላታል። «ዐይብ ነው» አለችኝ፣ ነውር ነው ማለቷ ነው። «የሰው ቤት ሸጋላ በመንገድ ላይ እግሯን ታነሳለች?» አለች፤ ሸጋላ የሚሉት የቤት ሠራተኛን ነው። አባትየው ማታ ሲመጣ ብስክሌቱን በሰንሰለት ከውሃ ቧንቧው ጋር አሰረው። አልመቱኝም፤ ከምግብም አልከለከሉኝም። ብዙዎቹ ጓደኞቼ ከደረሰባቸው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን ዝም በማለቴ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር አላልኩትም። አባቴ ምሳ ሳደርስለት ከነባልደረቦቹ በር ላይ ወጥቶ የሚጠብቀኝን ሴት፣ ስለ አንድ ባልዲ እርጎ ነውረኛ አደረጉኝ፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «ሓድር» አልኩ፣ እሺ ማለት ነው።

በኋላ ወደ አል ሙዋሌህ ተዛወርን፤ ከአትክልት ገበያው ብዙም ሳይርቅ፣ ሰፊ ቪላ። ሹሩቅ ስድስት ዓመት ሲሞላት ብስክሌት ተገዛላት። ማን ያስተምራት? አባትየው ሥራ ላይ ነው፤ እናትየው ጉልበቷን ያማታል። እኔ ኮርቻውን ይዤ በቪላዎቹ መካከል ባለችው መንገድ ላይ እየሮጥኩ አስተማርኳት። «ዓይንሽን ከጎማው አንሺ፤ ሩቅ እይ» እያልኩ። መንዳት ክልክል ነው፤ ከኋላ መሮጥ ግን ይፈቀድልኛል። ሳልነግራት ኮርቻውን የለቀቅኩ ቀን፣ ብቻዋን ሄዳ ሄዳ ዞር ብላ ስታየኝ የሳቀችው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስለዚህ ይቺ ልጅ በዚህ ምድር ላይ ካሉት ሰዎች ሁሉ ልታስቀይመኝ የማይገባት ሰው ነበረች።

ከማቢላ ጎማ አስለጥፈን በተመለስን በሦስተኛው ቀን ናድር የሚባለው ፎቶ አንሺ ቤት መጣ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ጺሙን ያሳመረ፣ ብዙ ኪስ ያለው ጥቁር ሰደርያ የለበሰ ሰው ነው። እነ ሹሩቅ አንድ አዳራሽ ለኤግዚቢሽን ተፈቅዶላቸዋል፤ ሴቶች በብስክሌት፣ ከኦማን ተራራና ባሕር ጋር። እንግዳ መቀበያው፣ መጅሊሱ ውስጥ፣ ምንጣፉ ላይ ካርታ ዘረጋ። እኔ ሻይ ይዤ ገባሁ።

«ይኼ የሰው ፎቶ አይደለም» ይላል ናድር። «የመልክዓ ምድር ፎቶ ነው። ተራራው ትልቅ፣ መንገዱ ረጅም፣ ጋላቢዋ እንደ ሩዝ ፍሬ። ጥቁር ልብስ አልፈልግም፤ ድንጋዩ ውስጥ ይጠፋል። ቢጫ፣ ቀይ፣ ነጭ።»

ሦስት ቦታ መርጧል፤ አንዱ የሲብ ባሕር ዳርቻ፣ ሁለተኛው አንድ ደረቅ ሸለቆ፣ ዋነኛው ግን ከአል አመራት ተራራ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ። እዚያ የሚያነሳው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ እንደሆነ ተናገረ፤ ብርሃኑ ወርቅ ይሆናል አለ።

ያን ተራራ፣ አል አመራት ሳለን፣ አራት ዓመት በየቀኑ ልብስ እያሰጣሁ አይቼዋለሁ። ጥላው ከየት ተነስቶ በስንት ሰዓት የት እንደሚደርስ የማውቀው ልብሴ ሳይደርቅ ስለሚይዝብኝ ነው። «በዚያ ሰዓት ኩርባው ጨለማ ነው» አልኩ። «ተራራው ፀሐዩን ቀድሞ ይውጠዋል። ሐሙስ ደግሞ ሰው ሁሉ ለሽርሽር ይወጣል፤ መንገዱ መኪና ብቻ ነው። ጠዋት ነው የሚያምረው፤ ፀሐይ እንደወጣ።»

ናድር ቀና ብሎ አላየኝም። ብርጭቆውን አነሳ፣ ቀመሰና ወደ ሹሩቅ ዞሮ፣ «ስኳር እንድትቀንስ ንገሪያት» አለ።

ሹሩቅ ሳቀች። ትንሽ ሳቅ ናት፤ ያፈረ ሰው የሚስቃት ዓይነት። ግን ሳቀች። ትሪውን ይዤ ወጣሁ። ማድ ቤት ገብቼ የቀረውን ሻይ ማጠቢያው ውስጥ ደፋሁትና ስኳር የሌለው አፈላሁለት።

ሐሙስ ለቅኝት ሲሄዱ ሹሩቅ ዕቃ እንድይዝላት ይዛኝ ሄደች። እንዳልኩት ሆነ። ኩርባው ላይ ስንደርስ ዳገቱ በሙሉ ጥላ ውስጥ ነው፤ መኪናው ከታች እስከ ላይ ተጠባብቆ ጥሩምባ ያምባርቃል። ናድር ካሜራውን አውጥቶ አየ፣ መልሶ ከተተው። «ነገ ጠዋት እንምጣ፤ ፀሐይ እንደወጣች» አለ፤ አሁን ከራሱ ጭንቅላት እንደፈለቀ ሐሳብ አድርጎ። ሹሩቅን አየኋት። በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

በማግስቱ ዓርብ ፀሐይ ስትወጣ እዚያ ነበርን፤ መንገዱ ባዶ፣ ድንጋዩ ቀይ፣ አየሩ ንጹሕ። ናድር ከላይ ካለው ገደል ጫፍ ሦስት እግር ያለውን ማቆሚያ ተከለ። ጋላቢዎቹ ገና አልተጠሩም፤ የፈለገው መጠኑን ማየት ነው። ሹሩቅ አጠገቡ ሆና በካሜራው አይታ መምረጥ አለባት። «ሸጋላዋ ብስክሌቱን ይዛ ትቁምልን» አለ። ዐረብኛ አንቱታ የለውም፤ ቢኖረውም ናድር ለኔ የሚያወጣው አይመስለኝም። የሹሩቅን ብስክሌት ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። ቢጫ ሻርፕ ለብሼ ነበር፤ ለፎቶ ብዬ ሳይሆን ያለኝ ወፍራም እሱ ስለሆነ።

ከዚያ በስልክ መታዘዝ ተጀመረ። «ኻላ፣ ትንሽ ወደ ግራ» ትላለች ሹሩቅ። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራኝ ኻላ ብላ ነው፣ አክስቴ እንደማለት። «ኻላ፣ ወደ ኋላ። ኻላ፣ እዚያው ቁሚ።» ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደ ወሰን ድንጋይ ተተክዬ ቆምኩ። ፀሐዩ ዓይኔን ይወጋኛል፤ ውሃው እነሱ ጋ ነው። ቆሜ ሳለሁ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ፤ ስኳሩ፣ ሳቁ፣ የተወሰደብኝ ሐሳብ፣ ከቧንቧ ጋር የታሰረው ብስክሌት፣ ሓድር ያልኩት። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ኻላ፣ ብስክሌቱን እየገፋሽ ትንሽ ሂጂ ይላል።»

«እየገፋሁ?»

«አዎ፤ ቀስ ብለሽ።»

ስልኩን ዘጋሁት። የቀሚሴን ጫፍ ሰብስቤ ሱሪዬ ውስጥ ወተፍኩና ወጣሁበት።

መጀመሪያ መሪው ተንቀጠቀጠ። ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ኮርቻ ላይ ከተቀመጥኩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ግን እግር አይረሳም። ሁለቴ ረገጥኩ፣ ሦስቴ ረገጥኩ፣ ከዚያ ቁልቁለቱ ራሱ ተቀበለኝ። ፍሬኑን ነካ ነካ እያደረግሁ ኩርባውን ያዝኩት። ሻርፔ ከኋላዬ ሲርገበገብ ይሰማኛል። በግራዬ ተራራው፣ በቀኜ ገደሉ፣ ከፊቴ መንገዱ ብቻ። ደስታ ነበር ብዬ ብቻ ባልፈው ውሸት ይሆናል። ንዴት ነበር፤ ግን በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ንዴቴ መሄጃ አገኘ። ታች ደርሼ ወረድኩና እየገፋሁ፣ እያለከለክሁ ዳገቱን ወጣሁ።

ናድር እስከ ኩርባው ወርዶ ጠበቀኝ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ለኔ ራሴ ተናገረ። «ድገሚው» አለኝ። እባክሽ አላለም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። እውነቱን ልናገር፤ ዐሥር ጊዜ ቢለኝም እደግመው ነበር። ሹሩቅ አፏን በእጇ ይዛ ታየኛለች። «ኻላ፣ መንዳት እንደምትችዪ ለምን አልነገርሽኝም?» አለች።

«ማን ጠይቆኝ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ በሁለት ዓርብ ዋናው ሥራ ተሠራ። ሰባቱ ልጆች በየቀለማቸው ለብሰው ባሕሩ ዳር ተነሱ፣ ሸለቆው ውስጥ ተነሱ፣ ዳገቱ ላይ ተነሱ። እኔ ሙዝና ውሃ ያዝኩ። ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ስማቸውን ሁሉ አውቃለሁ፣ እነሱም የኔን ያውቃሉ፤ አልዋሽባቸውም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የታተሙት ፎቶዎች በካርቶን ተጠቅልለው ቤት መጡ። ዐሥራ ሁለት ናቸው። ዐሥራ አንዱ የመስኮት ያህል ሲሆኑ ዐሥራ ሁለተኛው የግድግዳ ያህል ነው። አቧራ እንዳይይዘው ጨርቅ ላለብሰው ብዬ ካርቶኑን ገለጥ አደረግሁ። ቢጫ ሻርፕ። ያ ግዙፍ ቀይ ተራራ፣ እንደ ክር የተጣለ መንገድ፣ መንገዱ ላይ አንዲት ኢምንት ሴት ሻርፗ ከኋላዋ እየበረረ። እኔ ነኝ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንባ ነው የመጣኝ፤ የደስታ ነበር፣ አልክድም።

ከእያንዳንዱ ፎቶ ጋር ትንሽ ካርድ አለ፤ የጋላቢዋ ስምና ቦታው ተጽፎበታል። የዐረብኛ ፊደል ከልጆቹ ጋር፣ የቤት ሥራቸውን ሲሠሩ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ተምሬያለሁ። ካርዱን አንሥቼ አነበብኩት። «ሹሩቅ፣ የአል አመራት ዳገት» ይላል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ምናልባት ተሳስተው ይሆናል ብዬ ሌሎቹን አየሁ። ሌሎቹ ሁሉ ልክ ናቸው።

ሹሩቅ ከሥራ ስትመለስ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጠበቅኋት። አየችው፤ ፊቷ ቀላ።

«ፊት አይታይም ኻላ» አለች። «እንደ ነጥብ እኮ ነው። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«ኤግዚቢሽኑ የቡድናችን ነው። አንቺ ቡድኑ ውስጥ የለሽም። ሰው ይቺ ማን ናት ብሎ ይጠይቃል፣ ከዚያ ማብራራት ይመጣል። ናድርም ነገሩን ያወሳስበዋል አለ።»

«ምኑ ነው የሚብራራው? ብስክሌት የምትነዳ ሴት ናት። ያንቺስ ይብራራል?»

«ኻላስ፣ ከመክፈቻው በኋላ እናወራለን» ብላ ደረጃውን ወጣች። ኻላስ፣ በቃ ማለቷ ነው። ያሳደግኳት ልጅ፣ በራሴ ጉዳይ፣ በቃ አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቆሻሻ ስደፋ የጎረቤት ቤት ሠራተኛዋን ሰዓዳን አገኘኋት። የወሎ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ልጄ ትሆናለች፣ ጨዋታዋ እንደ እህት ነው። ሁሉን ነገርኳት።

«እትዬ አስኩ፣ ወላሂ ተይው» አለችኝ። «ለፎቶ ብለሽ ከነሱ ጋር አትቀያየሚ። ወደ አገርሽ መግቢያሽ ደርሷል፤ በሰላም ብትለያዪ አይሻልም?»

«ሰላሙ ሁልጊዜ እኔ ዝም ስል ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው ሰዓዳ?»

የቆሻሻውን ክዳን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። «የኔ ቢሆን ግን» አለች በመጨረሻ፣ «ካርዱን እበጣጥሰው ነበር።»

እኔ አልበጣጠስኩትም። ናድር የመስቀያውን ቅደም ተከተል ሊጨርስ የመጣ ቀን ሻይ ሳልይዝ መጅሊስ ገባሁ፤ ገብቼም ከሹሩቅ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። በዚህ ቤት እንግዳ ባለበት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ሁለቱም አዩኝ።

«ፎቶው ውስጥ ያለሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ስሜ ይጻፍ። ወይም አጥፋኝ።»

ናድር ወደ ሹሩቅ ዞረ። «ከኔ ጋር ነው የምታወራው» አልኩት። «እዚህ ነው ያለሁት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እመቤት፣ በመልክዓ ምድር ፎቶ ሰው መለኪያ ነው። ማንም ቢሆን ለውጥ የለውም።»

«ለውጥ ከሌለው አጥፋኝ። በኮምፒውተር ይጠፋል አይደል? ተራራው ይቅር፤ እኔን አውጣኝ።»

«ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለ። ተናድዶ ነበር። ኮምፒውተሩን ከፈተ፣ ፎቶውን አመጣ፣ ጣቱን አንሸራተተ። መጀመሪያ ሻርፔ ጠፋ። ቀጥሎ ጎማው፣ ቀጥሎ እኔ። አስፋልት ብቻ ቀረ። ራሴን ሲጠርጉኝ ማየት እንደዚያ ያማል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ግን ዓይኔን አላነሳሁም።

ናድር ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠ፣ መልሶ ተጠጋ፣ ፎቶውን አሳነሰው፣ አሰፋው።

«ተራራው አነሰ» አለ በመጨረሻ፤ ለኛ ሳይሆን ለራሱ። «አሁን ጉብታ ነው የሚመስለው።»

ሹሩቅ እያለቀሰች ነበር። «መልሳት» አለችው። ከዚያ ብዕር አወጣችና ካርዱን ገለበጠችው። በንጹሑ ገጽ ላይ አስካለ ብላ ጻፈች፤ ከዚያ ብዕሯ ቆመ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአባቴን ስም አታውቅም።

«ቢያድግልኝ» አልኳት። ቀስ ብዬ፣ በሦስት ቦታ ከፍዬ ነገርኳት። ዐረብኛው «ግ» ስለሌለው ሁለት ጊዜ ሰረዘችው። እንደምንም ጻፈችው፤ አዲስ ካርድም ታተመ።

ለመክፈቻው ቀን ትሪ እንድይዝ ማንም አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቁኝም አልይዝም ነበር። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ እንደ ሰው ሄድኩ። ብዙ ሰው መጣ። ከፎቶዬ ፊት ቆመው ካርዱን እያነበቡ ይቺ ማን ናት የሚሉ ነበሩ፤ ሹሩቅ እየጎተተች ወደኔ አመጣቻቸው፣ እኔም ጨበጥኳቸው። አንዲት አሮጊት ኦማናዊት የት ተማርሽ ስትለኝ ባሕር ዳር አልኳት፤ በዐረብኛም ባሕር ያው ባሕር ነውና፣ ባሕር ያለበት አገር መስሏት አገሬን አደነቀችልኝ። ከቡድኑ ልጆች አንዷ «ኻላ፣ ደስ አለሽ? አመሰገንሻቸው?» አለችኝ። ምን ብዬ ነው የማመሰግነው? የራሴ ፎቶ ሥር የራሴ ስም መጻፉ ስጦታ ነው? ልጅቷ ክፉ ሆና አይደለም፤ እንዲያ መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ናድር ከሩቅ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ፤ እኔም መለስኩለት። ከዚያ ያለፈ የለንም።

ወደ አል ሙዋሌህ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። የምትነዳው ሹሩቅ ነበረች። መብራት ላይ ስንቆም፣ «ስሜን በአንቺ ቦታ ስጽፍ አፍሬ ነበር» አለችኝ። «ግን ጻፍኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ሰምቻለሁ» አልኳት።

«አሁንም ተናድደሻል?»

ልጄ ናት። አይ ብላት ማታ በሰላም ትተኛለች፤ እኔም እንደ ልማዴ ነገሩን ውጬ አድራለሁ። ዞር ብዬ አየኋት።

«አዎ» አልኳት። «ገና ነኝ።»

አልተከራከረችኝም። አንገቷን ነቀነቀች፤ መብራቱ ሲለቅ መኪናውን አስነሳች።